የመቆየት ፈቃድ በማን እጅ ነው? ከይፋት በር እስከ ኢቃማ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ጣርማበርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋሮቢት ሲደርስ የደጋው ብርድ ይቀራል። ቀወት ይህ ነው፤ ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚመረትበት፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት የይፋት ቆላ። የዚህ ቆላ ወጣት ስለ ውጭ አገር የሚሰማው ወሬ አጭር ነው፤ «ቪዛ ወጣላት»፣ «ዲቪ ደረሰው»፣ «ኢቃማዋ አለቀ» ይባላል። ሦስቱም ስለ ወረቀት የሚነገሩ ናቸው (ዲቪ የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ፣ ኢቃማ የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ ነው)፤ ወረቀቶቹ ለባለቤታቸው የሚሰጡት መብት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንድ አገር ለባዕድ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ መግባትን፣ መቆየትንና መውጣትን የሚመለከት ነው። እነዚህ ፈቃዶች በየዘመኑ በተለያየ እጅ ላይ ነበሩ፤ አንዳንዴ በንጉሥ፣ አንዳንዴ በጌታ፣ አንዳንዴ በአሠሪ፣ አልፎ አልፎም በሕግ። ታሪኩን ከመነሻው ስንከተለው የስደተኛን ዕጣ በዋናነት የወሰነው የደረሰበት አገር ሀብት እንዳልነበረ እናያለን። የወሰነው የመቆየት ፈቃዱን የያዘው ማን እንደሆነ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ይፋት ራሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ባዕድ ሰው ፈቃድ የሚጠብቅበት በር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አጥፍቶ ይፋት ላይ ሲነሣ የያዘው ትልቁ ሀብት መንገድ ነበር። ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርድ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ በዚህ ቆላ ማለፍ ነበረበት። ማለፍ የሚችለውና የማይችለው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ደም አፋስሷል። የይፋቱ ሱልጣን ሐቀዲን ከካይሮ ይመለስ የነበረውን የአፄ ዓምደ ጽዮንን መልእክተኛ ትዕይንታይን አሥሮ፣ ሃይማኖቱን አልለውጥም ቢለው ገደለው፤ ይህም አፄው በይፋት ላይ ከዘመቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 በሱልጣን ሰብረዲን ላይ የዘመቱት ዘመቻ የይፋትን ነፃነት ሰበረው፤ የበሩ ቁልፍም ቀስ በቀስ ወደ ደጋው እጅ ገባ።

ደጋው በሩን ከያዘ በኋላ ለባዕዳን ያወጣው ደንብ ዛሬ እንግዳ ይመስላል፤ መግባት ይቻል ነበር፣ መቆየትም ይቻል ነበር፣ የማይቻለው መውጣት ነበር። የፖርቱጋሉ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1487 የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልሃ ረጅም ጉዞ ተጉዞ በአፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ደረሰ። በክብር ተቀበሉት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እስክንድር ሞቱ፤ ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ናዖድም ልብነ ድንግልም ወደ አገሩ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያለበት የፖርቱጋል ልዑክ እ.ኤ.አ. በ1520 ሲመጣ ኮቪልሃን ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ አገኘው። በዛሬ አነጋገር ቋሚ ነዋሪ ነበር፤ መሬት እንኳ አለው። ሆኖም ይህ ኑሮ የተመሠረተው በንጉሡ ፈቃድ ላይ ብቻ ስለሆነ ባለርስቱ ኮቪልሃ በእውነቱ የክብር እሥረኛ ነበር። ቋሚ መኖሪያ ማለት ከመውጣትና ከመመለስ ነፃነት ጋር ካልመጣ ምን ያህል ጎደሎ እንደሆነ ከዚህ ሰው ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ደንቡ በይፋት በር ላይ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ ልዑክ መሪ ካፒቴን ሐሪስ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከአንኮበር በታች ወዳለችው ወደ ፋሪ ሲደርስ የሸዋ መግቢያ ላይ ቆመ። የበሩ ጠባቂ ወላስማ መሐመድ ነበር። ስሙን ከጥንቱ ሥርወ መንግሥት ወርሷል፤ ሹመቱ የአበጋዝነት ነው፤ የመንግሥት እሥረኞች የሚታጎሩበት የጎንቾ ወኅኒም በእሱ ጥበቃ ሥር ነበር። ቀረጥ የሚቆጠረው፣ ሸክም የሚፈተሸው፣ ባዕድ ሰው ስለመምጣቱ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክት የሚላከው በእሱ ነው። መልስ እስኪመጣ እንግዳው ይጠብቃል። ሐሪስና ባልደረቦቹም ከፋሪ ወደ አልዩ አምባ ወጥተው፣ ስጦታ የተሸከሙ ግመሎቻቸውን ይዘው የንጉሡን ጥሪ ጠበቁ። የዛሬ ኤምባሲ ደጅ ላይ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ የሚሰለፈው ሰው የሚያውቀው ጥበቃ ነው፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ፈቃድ የሚጠብቀው አውሮፓዊው መሆኑ ነው።

በኅዳር 1834 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴና ሐሪስ የፈረሙት ውል ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ንግድ ነው። በእኔ ዐይን ግን ከቀረጡ የሚበልጠው ስለ ሰው የተስማሙት ነው። ውሉ አገር ውስጥ የሞተ ባዕድ ሰው ንብረት ለንጉሥ የሚወረስበትን ልማድ ያስቀራል፤ የገባ እንግዳ እንዳይወጣ የሚከለክለውን የቆየ ሥርዓት ርዝራዥም ያነሣል። መውጣት በንጉሥ ችሮታ ላይ ከተንጠለጠለ ፈቃድ ወጥቶ በውል የተጻፈ መብት እንዲሆን መፈለጉ እንግሊዞች ምን እንደፈሩ ያሳያል፤ የፈሩትን ነገር ኮቪልሃ ኖሮታል። ነገር ግን ወረቀት ያለ አስፈጻሚ ወረቀት ነው። በአንኮበር ለዓመታት የኖረው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ሚስት ሊያገባ ወጥቶ በታጁራ በኩል ለመመለስ ቢሞክር ወደ ሸዋ እንዳይገባ ተከለከለ። የሚያውቀው ንጉሥ፣ የተፈረመ ውል፣ የቆየ ወዳጅነት ሁሉ አልረዱትም።

በዚሁ በር የሚያልፉ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄዱ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን ሳይጠቅሱ የይፋትን የጉዞ ታሪክ መናገር ሐሰት ይሆናል። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱልረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ወንዶችና ሴቶች፣ ብዙዎቹ ልጆች፣ እዚያ ተሽጠው ወደ ታጁራና ከባሕሩ ማዶ ይነዱ ነበር። መግባታቸውንም፣ መቆየታቸውንም፣ መውጣታቸውንም የሚወስነው የገዛቸው ሰው ነው። የዛሬን የኮንትራት ሥራ ከባርነት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የኮንትራት ሠራተኛ ደመወዝ አላት፣ ፈርማ ትሄዳለች፣ የአገሯ ሕግም ሰው ይላታል። የባሪያ ገበያውን ያነሣሁት ሦስቱ ፈቃዶች በአንድ ግለሰብ እጅ ሲጠራቀሙ የሚፈጠረው አደጋ በዚህ ቆላ ታይቶ የማያውቅ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

የይፋት በርነት ያበቃው ከጦር ይልቅ በሐዲድ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረርን ሲይዙ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የግመል ቅፍለቱ መንገድ ተረሳ። ባዕዳኑ ግን መጡ፤ ይልቁንም ከበፊቱ በዙ። የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ የየመን ዐረብ ባለሱቆች በየከተማው ኖሩ፤ ብዙዎቹም ልጅና የልጅ ልጅ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎች ጉዳይ በተለየ መንገድ እንዲዳኝ አድርጎ ነበር፤ ይህ ለአገሪቱ ሉዓላዊነት ጎጂ ቢሆንም ለባዕዱ ከንጉሥ ፊት ውጭ የሚቆምበት መሬት ሰጥቶታል። ቀጥሎ የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ መጣ። በሕጉ መሠረት በኢትዮጵያ 5 ዓመት የኖረ፣ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥራ ያለው፣ አማርኛ መናገርና መጻፍ የሚችል ባዕድ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ይህን ሕግ ዛሬ አሜሪካ ከምትጠይቀው ጋር ብናስተያየው እንደነቃለን፤ 5 ዓመት ቋሚ ነዋሪ ሆኖ መኖር፣ የአገሩን ቋንቋ ማወቅ፣ ጥሩ ጠባይ። አዲስ አበባ የነበረ አርመናዊ በ1922 ያገኘውን ዕድል፣ ማለትም ከኖሩ በኋላ ባለአገር የመሆን መንገድን፣ የይፋት ልጆች ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በኋላ በዐረብ አገር አላገኙትም።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የጣርማበርን ዋሻ ወግቶ የደሴን መኪና መንገድ ሲዘረጋ ይፋት እንደገና መተላለፊያ ሆነ፤ ሸዋሮቢትም ያደገችው በመንገዱ ዳር ነው። ከነፃነት በኋላ ከይፋትና ከወሎ ሙስሊም ማኅበረሰብ ወደ ጂዳ የሚወስደው የቆየው መንገድ ሐጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሳዑዲ ዓረቢያ የሰው ጉልበት ፈለገች፤ ለሐጅና ለዑምራ የሄደው ሰው ሁሉ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ነው ከዚያ በኋላ ሲደጋገም የኖረው ስሕተት የጀመረው። የዑምራ ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ የያዘው ሰው የሚሠራበትም የሚኖርበትም ወረቀት የለውም። ሥራ መገኘቱና ዓመታት መቆጠራቸው ይህን አይለውጡትም፤ ሃያ ዓመት ያለ ወረቀት የኖረ ሰው በሕግ ፊት ዛሬ ከገባው ሰው አይሻልም።

በዚሁ ጊዜ አገር ቤት ደርግ ሌላውን ጫፍ ዘጋ። ፓስፖርት የያዘ ሰው እንኳ የመውጫ ቪዛ ሳይመታለት አይወጣም ነበር፤ ኮቪልሃ ላይ የሠራው ደንብ በራሳችን ዜጎች ላይ ዞረ። በእግራቸው ሱዳን ከገቡት ብዙዎቹ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ተሻገሩ። ይህ ሕግ ስደተኛው ከ1 ዓመት በኋላ ቋሚ ነዋሪነት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ባዶ እጁን የወጣው፣ ሁሉን ያጣው ሰው ውሎ አድሮ ከሁሉ የጸና ወረቀት ያዘ። ገንዘብ ቋጥሮ ሊመለስ አስቦ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሄደው ግን ሥሩን የሚተክልበት ሕግ አላገኘም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመውጫው በር ተከፈተ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት እንዳለው ደነገገ። በ1990 ዓ.ም. በግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ላይ አዋጅ ቁጥር 104 ወጣ፤ በ2001ም ሌላ ተከተለ። የይፋትና የወሎ ሴቶች ወደ ጂዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩትና ኩዌት መጉረፍ የጀመሩት በዚህ ዘመን ነው። መውጣት የግለሰቧ መብት ሆነ፤ የመግባትና የመቆየት ፈቃድ ግን ወደ ካፊሉ፣ ማለትም ስፖንሰር ወደሆነው አሠሪ፣ ሄደ። የሳዑዲው የመኖሪያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የቆመው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው፤ ቪዛውን የሚጠይቀው አሠሪው ነው፣ ኢቃማውን የሚያወጣውና የሚያሳድሰው አሠሪው ነው፣ የመውጫና መመለሻ ቪዛ የሚያስመታውም እሱ ነው። ጠፋች ብሎ ካመለከተባት፣ እነሱ ሁሩብ የሚሉት ማለት ነው፣ ትናንት ሕጋዊ የነበረችው ዛሬ ሕገ ወጥ ትሆናለች። ሣህለ ሥላሴ በፋሪ በር ላይ የነበራቸው ሥልጣን በአንድ ሪያድ ሰፈር ውስጥ በየግቢው በር ላይ ተባዝቷል ማለት ይቻላል።

ኢቃማውን አቅርበን እንየው። በመጠኑ ከባንክ ካርድ የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው። የባለቤቷ ስምና ፎቶ አለበት፤ በ2 የሚጀምር ቁጥር፣ ዜግነት፣ ሃይማኖት፣ የሥራ ዓይነት ታትሟል። ከእነዚህ ጋር የአሠሪው ስም አለ። ሁሉም ነገር ከዚያ ስም ይነሣል። የቤት ሠራተኛ ተብሎ በአንድ ሰው ስም የወጣ ኢቃማ የያዘች ልጅ ጎረቤት ቤት ብትሠራ ሕግ ጥሳለች። ደላላው «ፍሪ ቪዛ» እያለ በብዙ ሺህ ብር የሚሸጠውም ይኸው ነው፤ በስም ብቻ ካፊል የሆነ ሰው ቪዛውን ይሸጣል፣ ገዢው ሌላ ቦታ ይሠራል፣ በየዓመቱም ለማሳደሻ ይከፍላል። ፍሪ ቪዛ የሚባል ነገር በሳዑዲ ሕግ የለም። ያለው የማታውቀው ሰው ስም የታተመበት ካርድ ነው።

ሁለተኛው ካርድ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በተመሳሳይ ዓመታት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ያጸደቀው የኢሚግሬሽን ሕግ በዓመት እስከ 55 ሺህ ሰው በዕጣ የሚገባበትን ዲቪ ፈጠረ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለ1995 የበጀት ዓመት ነበር። ከአንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ተገደበ። ዕድለኛው የሚያገኘው ቪዛ የስደተኛ ቪዛ ይባላል፤ ከቱሪስትና ከተማሪ ቪዛ የሚለየው ባለቤቱ ድንበር ላይ ማኅተም ሲመታለት በዚያች ደቂቃ ቋሚ ነዋሪ መሆኑ ነው። በፖስታ የሚደርሰው ግሪን ካርድ ላይ ስሙ፣ የትውልድ አገሩ፣ በየትኛው ምድብ እንደገባ የሚያሳይ ኮድ፣ ነዋሪ የሆነበት ቀን ይገኛሉ። የአሠሪ ስም የለም። ሥራው ባይስማማው ይለቃል፤ ክልሉን ይለውጣል፤ ይማራል፤ ለሚስቱና ላላገቡ ልጆቹ ያመለክታል፤ ከ5 ዓመት በኋላ ዜግነት ከጠየቀና ካገኘ ለወላጆቹና ለወንድሞቹ ማመልከት ይችላል፤ የወንድምና የእኅት ወረፋ ከዐሥር ዓመት በላይ ቢፈጅም። አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት በጊዜ ብዛት ቤተሰብ ያወጣል። መቶ ኢቃማ ቢደመር አንድ ቋሚ ነዋሪ አይወጣውም።

የሁለቱ ልዩነት ሳይሸፋፈን የታየው በ2006 ዓ.ም. ነው። የሳዑዲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች እንዲያስተካክሉ ወይም እንዲወጡ የሰጠው ጊዜ ጥቅምት 24 አለቀ። ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ለዚያም ግን ካፊል ያስፈልጋል። በማግስቱ አሰሳ ተጀመረ፤ የሪያዱ መንፉሃ ሰፈር ተረበሸ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በቦሌ በኩል ተመለሱ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ በአሠሪ እጅ የቀረ ፓስፖርት፣ ሳይሸጥ የተተወ ዕቃ ይዘውት የመጡት ታሪክ ነው። መንግሥት በዚያው ወቅት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ቆየ። በ2009 ሳዑዲ እንደገና የምሕረት ጊዜ ስታውጅ ደግሞ፣ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ገደማ ወደ 260 ሺህ የሚጠጋ ተመላሽ መዝግቧል። ዓመታት የሠሩ ሰዎች አሉበት። የሠሩበት ዘመን በአንድም ቦታ መብት ሆኖ አልተመዘገበላቸውም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በአክብሮት መመለስ አለበት። ለይፋት ድኻ ቤተሰብ ስለ ቋሚ መኖሪያ ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። በገጠርም በከተማም የቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ በሬ የገዛው፣ ወንድም ያስተማረው ከጂዳና ከቤይሩት የተላከ ብር ነው። ይህን የሚክድ የቆላውን ኑሮ አያውቅም። በዚያ ላይ በጊዜያዊነት ሄዶ ሠርቶ መመለስ ራሱ የሚከበር ዕቅድ ነው፤ ሁሉ ሰው አሜሪካ መኖር የለበትም። ክርክሬ ከዚህ አይጋጭም። ጊዜያዊ ፈቃድ ጊዜያዊ መሆኑን አውቃ፣ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ገንዘቡን በስሟ በከፈተችው ሒሳብ ይዛ የምትመለስ ልጅ ውሉን ተጠቅማበታለች። ጉዳቱ የሚመጣው ጊዜያዊው ፈቃድ እንደ ቋሚ ሲታሰብ ነው፤ ዓመት በዓመት ሲራዘም ኑሮው ሁሉ እዚያ ሲተከል፣ ልጅ እዚያ ሲወለድ፣ ቁጠባው በሌላ ሰው እጅ ሲቀመጥ። የ2006ቱ ተመላሽ ያጣው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ዲቪ ዕጣ እንጂ ዕቅድ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዕጣውም ቢወጣ ገና ቪዛ አይደለም። በየዓመቱ ከሚሰጠው ቪዛ እጅግ የበዛ ሰው ይመረጣል፤ የበጀት ዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 30 ሲያልቅ ቪዛ ያልተመታለት ሰው ዕድሉ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ሰበብ የስደተኛ ቪዛ ሲታገድ ብዙ ዕድለኞች ሥራ ለቀው፣ ንብረት ሸጠው ቀሩ። ግሪን ካርድም የማይነካ ነገር አይደለም፤ ከባድ ወንጀል የሠራ፣ ከ1 ዓመት በላይ ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሊያጣው ይችላል፤ ትዳራቸው ሁለት ዓመት ያልሞላቸው በጋብቻ የሚያገኙት ደግሞ ሁለት ዓመት በሁኔታ የተገደበ ነው። ቢሆንም ባለካርዱ እንዲነጠቅ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት መቅረብ ይችላል፤ ተከሳሹ ይሰማል፣ ጠበቃ ያቆማል። አሠሪ በአንድ ማመልከቻ የሚያፈርሰው አይደለም። የቋሚነት ትርጉሙ ለዘላለም መጽናት ሳይሆን ለመንጠቅ ሥርዓት ማስፈለጉ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በወጣቱ ዘንድ የበረታው ነው፤ ያለ ቪዛ የሄዱት ተሳካላቸው ይባላል። በአፋር አድርገው ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ የገቡ አሉ፤ ገንዘብ የላኩም አሉ። ይህ መንገድ ሦስቱንም ፈቃዶች ለአሻጋሪ አሳልፎ መስጠት ነው፤ የመቆየትና የመንቀሳቀስ ዋጋውን የሚተምነው አሻጋሪው ነው፣ ካልተከፈለው የሚያሠቃየውም እሱ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 በየመን ድንበር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መግደላቸውን አስፍሯል። የተሳካላቸው ስማቸው ይወራል፤ የወደቁት ወሬ ቤታቸው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዱም አይደርስም። ሸዋሮቢትና አጣዬ በ2013 የተቃጠሉበት፣ በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ሸዋሮቢት ድረስ የደረሰበት ሕዝብ ልጁን ለመንገድ የሚያነሣሣው ምን እንደሆነ መረዳት አያዳግትም። ስለዚህም ነው ልጁን መውቀስ ፋይዳ የሌለው፤ የሚጠቅመው የትኛው ወረቀት ምን እንደሚሰጥ ቀድሞ ማሳወቅ ነው።

በእኔ እምነት የወረቀቶቹ ልዩነት መነሻ ኤምባሲ ሳይሆን ትምህርት ቤትና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። ዲቪ የሚጠይቀው 12ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ፣ ወይም ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ 2 ዓመት መሥራት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ 8ኛ ክፍልን ጠየቀ። አንዲት የቀወት ልጅ ከ8ኛ ክፍል አቋርጣ ስትወጣ ሳታውቀው ወደ ጊዜያዊው ወረቀት መስመር ገባች ማለት ነው፤ አራት ዓመት ብትታገሥ ሌላው በር ቢያንስ አይዘጋባትም። የልደት ምዝገባም እንዲሁ ነው። ወሳኝ ኩነት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱት ወጣቶች ብዙዎቹ የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጡት ጉዞ ሲያስቡ ነው። በዚያን ጊዜ ደላላ የ15 ዓመቷን ልጅ 22 ያደርጋታል፤ የአያት ስም ይለወጣል፤ ፊደሉ በፓስፖርቱ አንድ፣ በትምህርት ማስረጃው ሌላ ይሆናል። ዐረብ አገር ለመግባት ያገለገለው ያ ሐሰተኛ ዕድሜ ዐሥር ዓመት ቆይቶ አሜሪካ ወይም ካናዳ ያለ ወንድም ሲያመለክትላት ይከተላታል። የአሜሪካ ሕግ በቁም ነገር ላይ የዋሸን አመልካች ለዕድሜ ልክ ሊከለክል ይችላል። ዕጣ የደረሰው ሰው በገንዘብ ተስማምቶ የሚያስገባት «ሚስት»ም የምትጠፋው በዚሁ አንቀጽ ነው፤ አብሯት ያለው ባለዕጣም አይተርፍም። ፎርም የሞላለት ኢንተርኔት ቤት የማረጋገጫ ቁጥሩን ደብቆ ይዞ ዕጣው ሲወጣ ገንዘብ የሚጠይቀው ሰውም አለ፤ ቁጥሩን በራስ እጅ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

በቅርብ ዓመታት ሕጎቹ ተንቀሳቅሰዋል። አዋጅ 923 የመግቢያ ቪዛ፣ የመጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው እንዲሆን ደንግጓል፤ በ2013 በአዋጅ 1246 ተሻሽሏል። እንግዲህ ለቪዛ ብር የሚጠይቅ ደላላ ሕግ ጥሷል ማለት ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ልዩ መኖሪያ የሚባል ፈቃድ አወጣች፤ ያለ ካፊል ለመኖር የዕድሜ ልኩ ዋጋ 800 ሺህ ሪያል፣ የአንድ ዓመቱ 100 ሺህ ነው። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ውጭ የተወለደ ሰው 20 ዓመት ከኖረ በኋላ ቋሚ መኖሪያ እንዲጠይቅ፣ በዓመትም ከ100 ለማይበልጥ ሰው እንዲሰጥ አደረገ። ስለዚህ ያለ ካፊል መኖር በባሕረ ሰላጤው የሚሸጥ ነገር ሆኗል፤ ገዢው ግን የቤት ሠራተኛ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሳዑዲ የግል ድርጅት ሠራተኞች አሠሪ እንዲለውጡና ያለ አሠሪ ፈቃድ እንዲወጡ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞችን፣ የቤት ሾፌሮችንና የእርሻ ሠራተኞችን ከማሻሻያው አውጥታለች። ከይፋት የሚሄደው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በእነዚህ ሥራዎች ላይ ነው።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን የጉብኝት፣ የንግድና የተማሪ ቪዛ አንድ ጊዜ መግቢያና ለ3 ወር የሚያገለግል ብቻ አድርጋዋለች። ብዙ ሰው 3 ወር ብቻ መቆየት ይቻላል ብሎ ተረዳው። የ3 ወሩ ጊዜ ወደ በሩ ለመድረስ ነው፤ የሚቆይበትን ቀን የሚወስነው አየር ማረፊያ ላይ ያለው መኮንን ነው፤ የስደተኛ ቪዛን ለያዘ ሰው ደግሞ ይህ ለውጥ አይመለከተውም። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሸዋሮቢት ላይ ቆሞ የሚያስረዳ የመንግሥት ባለሙያ ቢኖር የደላላው ግማሽ ገበያ ይዘጋ ነበር። ከሪያድ ጋር ለሚደረገው ቀጣይ ስምምነትም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከደመወዝ ቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው አለ፦ የቤት ሠራተኛ ያለ መጀመሪያው አሠሪ ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ የምትዛወርበት አንቀጽ፣ የሁሩብ ክስ ሳይመረመር ኢቃማዋን የማይሰርዝበት ደንብ፣ ፓስፖርቷም ከእጇ የማይወጣበት ዋስትና። ሐሪስ በ1834 ዓ.ም. ለዜጎቹ ያስፈረመው ከዚህ የሚያንስ አልነበረም።